ዓሣዬ አረጀ ወይስ ታመመ? ሁለቴ ተሳስቼ የተማርኩት

ኮምቦልቻ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ፣ ቤቴ ግን ደሴ ሆጤ ነው፣ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ መልሼ እወጣለሁ። ሱቋ ውስጥ 100 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለ፣ ለመለካት ተራ የሚጠብቅ ሰው እያየው እንዲቀመጥ ብዬ ነበር ያስገባሁት፣ ቤት ደግሞ 30 ሊትር የምትሆን ሌላ አለችኝ። ይሄን የምጽፈው ዓሣ የሚያሳድጉ ሰዎች ደጋግመው አንድ ነገር ስለሚጠይቁኝ ነው፣ "ዝም ብሎ መሬት ላይ ተኝቷል፣ አርጅቶ ነው ታሞ?" ይሉኛል። እኔ ሁለቴ ተሳስቻለሁ፣ ሁለቱም ስህተት ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ነበር። መዳን የሚችለውን አርጅቷል ብዬ ዝም ብዬ አየሁት፣ በእውነት ያረጀውን ደግሞ ታሟል ብዬ በመድኃኒት አሰቃየሁት።

በመጀመሪያው ልጀምር። ሱቅ ውስጥ ሁለት ጎልድ ፊሾች ነበሩኝ፣ ትልቋን ወርቄ ነው የምላት። ከአዲስ አበባ በላስቲክ ኦክስጅን ተሞልቶላቸው በአውቶቡስ ነው የመጡት፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ጉልበቴ ላይ ይዣቸው። ሦስት ዓመት ምንም ሳይሆኑ ኖሩ። ከዛ አንድ ሰሞን ወርቄ ጥግ ይዛ መተኛት ጀመረች፣ ቀለሟ ፈዘዝ አለ፣ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ደግሞ ውሃው ላይ ወጥታ አፏን ከፈት ዘጋ ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፣ እስከ ረፋዱ ድረስ ግን ይሻላትና ትወርዳለች። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ አንድ ጋሼ አዩዋትና "አብሽሪ ልጄ፣ አርጅታ ነው፣ ዓሣ ስንት ዓመት ይኖራል ብለሽ ነው?" አሉኝ። እኔም አመንኩ። ሦስት ዓመት ለዓሣ ብዙ መሰለኝ።

አልነበረም። ጎልድ ፊሽ በደንብ ከተያዘ 10፣ 15 ዓመት ይኖራል፣ ከዛም በላይ የሚሄድ አለ። እንግሊዝ አገር ቲሽ የምትባል ጎልድ ፊሽ 43 ዓመት ኖራ በፈረንጆች 1999 ነው የሞተችው። እኔ ሦስት ዓመቷን አሮጊት ያልኳት ወርቄ ገና ልጅ ነበረች ማለት ነው። ስለዚ አርጅቷል ከማለታችሁ በፊት የዓሣችሁ ዓይነት ስንት ዓመት እንደሚኖር እወቁ። ጋፒ ሁለት ዓመት ገደማ ነው፣ ሦስት ከደረሰ ብዙ ኖረ። ሞሊና ፕላቲ ሦስት ዓመት አካባቢ፣ ቤታ ከሦስት እስከ አምስት፣ ኤንጅል ፊሽ 10 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ቤታ ላይ አንድ ነገር አትርሱ፣ ወንዱ ክንፉ ረዝሞ አምሮ ሱቅ ውስጥ ስታዩት ዕድሜው ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ነው፣ ዓመት የሞላውም ይኖራል፣ ስለዚ እኔ ጋ ሁለት ዓመት ሆነው ስትሉ ከገዛችሁበት ቀን ብቻ እንዳትቆጥሩ።

ወደ ወርቄ ልመለስ። ሦስት ሳምንት ምንም ሳላደርግ አየኋት። በሦስተኛው ሳምንት ትንሹም ጎልድ ፊሽ እንደሷ ማድረግ ጀመረ፣ ጅራቱ ላይ ቀይ ቀይ ክር የመሰለ ደም ሥር ወጣበት፣ ያኔ ነው የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም ሁለት ዓሣ በአንድ ሳምንት አያረጅም። የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣ ይማር ነበር፣ ደወልኩለት፣ ቅዳሜ ቴስት ስትሪፕ፣ የውሃ መመርመሪያ ወረቀት ማለት ነው፣ ይዞ መጣ። ውሃው ውስጥ ነከረው፣ ናይትራይቱ (ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣ መርዝ ነው) ሮዝ ሆነ፣ ናይትሬቱ ደግሞ የስትሪፑ ቆርቆሮ ላይ ካለው የመጨረሻ ጥቁር ቀይ ጋር እኩል። "እትዬ፣ ዓሣዎቹ አላረጁም፣ ውሃው ነው ያረጀው" አለኝ።

ከዛ ፊልተሩን መቼ መቼ ነው የምታጠፊው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ማታ ሱቅ ስዘጋ ካውያውንም ማሽኑንም መብራቱንም ሁሉንም ከሶኬት ነቅዬ ነው የምሄደው፣ ጨርቅ ቤት ነው፣ እሳት እፈራለሁ። ፊልተሩም አብሮ ይነቀላል። ለካ ፊልተሩ ቆሻሻ ማጣሪያ ብቻ አይደለም፣ ስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ከዛ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ኦክስጅን ያጣሉ፣ ያልቃሉ። ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ በየቀኑ፣ እኔ ራሴ ነበርኩ የምገድላቸው። ናይትራይት ደግሞ ዓሣው ደም ውስጥ ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ውሃው ኦክስጅን ቢኖረውም ዓሣው ይታፈናል። ጠዋት ጠዋት አፏን የምትከፍተው ለዛ ነው። ፊልተሩ ተነቅሎ ባደረ ውሃ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑም ጎህ ሲቀድ ነው በጣም የሚያንሰው፣ ተክሎቹም አልጌውም ሌሊቱን ሙሉ ስለሚተነፍሱ።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም ከውጭ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው አያስበውም። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል፣ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባህር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ ደሴ ላይ 6 ገደማ ነው። ስለዚ እኛ ጋ የአየር ፓምፕ እንደ ጌጥ መታየት የለበትም። አንድ ዓሣ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ካያችሁ እርጅና ነው ከማለታችሁ በፊት አየርና ውሃውን እዩ። ቤታ ግን ለየት ይላል፣ ጤነኛም ሆኖ ከላይ አየር ይስባል፣ ተፈጥሮው ነው፣ ደጋግሞ ያለ ዕረፍት ከሆነ ነው የሚያሳስበው።

ያደረግነው ይሄ ነው፣ ፊልተሩንና የአየር ፓምፑን ለብቻው በሌላ ሶኬት አደረግን፣ ከጨርቁ አራቅነው፣ ገመዱንም ውሃ ተንጠባጥቦ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ ወደታች ጎበጥ አድርገን አሰርነው፣ ከዛ ወዲህ ሌሊትም አይጠፋም። ውሃውን በአንድ ቀን ሁሉንም አልቀየርንም፣ ይሄ በጣም ያስፈልጋል፣ ለወራት በቀስታ የተበላሸ ውሃ የለመደ ዓሣ ድንገት ንጹህ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይደነግጣል፣ ሊሞትም ይችላል። በየሁለት ቀኑ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ 20 ሊትር፣ አንድ አምስተኛው ማለት ነው፣ ሙቀቱን አኳሪየሙ ውስጥ ካለው ጋር እኩል አድርገን። ውሃው ቀድሞ አንድ ቀን ሙሉ በተከፈተ ባልዲ ያድራል ክሎሪኑ እንዲወጣ፣ በተለይ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ክሎሪኑ አፍንጫ ድረስ ይሸታል፣ ያንን አትጠቀሙ። ጨውም ጨመርን፣ በአንድ ሊትር አንድ ግራም፣ ቀድሞ በውሃ ተሟሟቶ ቀስ እየተባለ፣ ጨው ናይትራይቱ በመተንፈሻው በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። ወርቄ በአምስተኛው ቀን ጥጓን ትታ መሃል ወጣች። ትንሹ ግን አልቆየም፣ በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሱቅ ስከፍት ሞቶ አገኘሁት። ሦስቱን ሳምንት ባላባክን ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ፣ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ስህተት ቤት ነው የሆነው። ሰማይ የሚባል ሰማያዊ ቤታ ነበረኝ። ከኔ ጋር ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ቀለሙ ከሆዱ በኩል እየገረጣ መጣ፣ ጀርባው ትንሽ ጎበጥ አለ፣ ቀኑን ቅጠል ላይ ተጋድሞ ይውላል፣ ድሮ በየሳምንቱ የሚሠራውን የአረፋ ጎጆ ተወው። ምግብ ስጥልለት ግን ይመጣል፣ ይዘላል፣ ይስታል። ፍሬው አፍንጫው ሥር እያለ አጠገቡ ያለውን ውሃ ይነክሳል። እኔ ደግሞ በወርቄ ተቃጥያለሁ፣ አሁንስ አልዘገይም ብዬ ሮጥኩ። መጀመሪያ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ የዓሣ መድኃኒት ጨመርኩ፣ ውሃው ቀለም ሆነ። ከአራት ቀን በኋላ ለውጥ ስላላየሁ ከፋርማሲ የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቼ በተንኩበት። ሂተሩን፣ የውሃ ማሞቂያውን ማለት ነው፣ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ አደረኩ። እናቴ "ልጄ፣ ተይው እስቲ፣ ሽማግሌን እንዲህ ያንገላቱታል?" አለችኝ፣ አልሰማኋትም።

የሆነው ምንድነው፣ ሜቲሊን ብሉው ፊልተሩ ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ጎዳቸው፣ ውሃው ነጭ ደመና መሰለ፣ አሞኒያ ወጣ፣ ሰማይ በእውነት የታመመው ያኔ ነው። ቴትራሳይክሊንም ቢሆን ካልሲየም ከበዛበት ከባድ ውሃ ጋር ሲገናኝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ማለት ጥቅሙ ሳይኖር ጉዳቱን ብቻ ነው የሰጠሁት። ምን በሽታ እንደሆነ ሳያውቁ መድኃኒት መጨመር እንዲህ ነው። ሁሉንም አቆምኩ፣ ለስድስት ቀን በየቀኑ ሩብ ሩቡን ውሃ ቀየርኩ፣ ከሱቅ ከወርቄ ፊልተር ትንሽ ስፖንጅ ቆርጬ በእርጥቡ በላስቲክ ይዤ ሐረጎን ወጣሁና ደሴ ፊልተር ውስጥ ከተትኩት፣ ባክቴሪያው እንዲተከል። ተረጋጋ።

አሁን ከሁለቱ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። እርጅና በወራት ነው የሚመጣው፣ ሕመም በቀናት። ሰማይ ከመስከረም እስከ ጥር ነው ቀስ በቀስ የተለወጠው፣ ትናንት ከዛሬ አይለይም፣ ከሦስት ወር በፊት ያነሳሁትን ፎቶ ሳይ ነው የደነገጥኩት። ወርቄ ግን በአንድ ሳምንት ነው የወደቀችው። ለዛ ነው አሁን የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ላይ፣ ከጀርባው በኩል፣ በየእሁዱ ስለ ዓሣዎቹ ሁለት መስመር የምጽፈው፣ በወር አንዴም ከአንድ ቦታ ላይ ሆኜ ፎቶ አነሳለሁ። ጭንቅላት አያስታውስም፣ ደብተር ያስታውሳል።

ቀጥሎ አንድ ነው ወይስ ብዙ? አንድ ዓሣ ብቻ ከሆነ፣ እሱም በዕድሜ ትልቁ ከሆነ፣ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ እርጅና ሊሆን ይችላል። ሁለትና ከዛ በላይ ከሆኑ ውሃው ወይ ተላላፊ ነገር ነው፣ ሌላ አትፈልጉ፣ መጀመሪያ ውሃውን መርምሩ። አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። ስትሪፕ ካጣችሁ እንኳን ክሎሪኑ በወጣና ሙቀቱ እኩል በሆነ ውሃ ሩቡን መቀየር ብዙ ጊዜ አይጎዳም።

ከዛ ምግብ። ያረጀ ዓሣ መብላት ይፈልጋል፣ ይመጣል፣ ግን ይስታል ወይ ይደክመዋል። የታመመ ዓሣ ዞር ብሎም አያይም፣ ወይ አፉ አስገብቶ ይተፋዋል። ይሄ ልዩነት ለኔ ከሁሉም በላይ ግልጽ ሆኖልኛል፣ በሱቅም በቤትም አይቼዋለሁ።

አተነፋፈስ ደግሞ ቁጠሩ። ዓሣው ጤነኛ እያለ፣ ተረጋግቶ ባለበት ሰዓት፣ ከጭንቅላቱ ጎን ያለው የመተንፈሻው ክዳን በ30 ሰከንድ ስንቴ እንደሚከፈት ቆጥራችሁ ጻፉት። ቁጥሩ እንደ ዓሣው ዓይነትና እንደ ውሃው ሙቀት ይለያያል፣ ስለዚ ከሌላ ሰው ዓሣ ጋር አታወዳድሩት፣ ከራሱ ጋር ነው። ያረጀ ዓሣ ቀስ ይላል እንጂ አያለከልክም። እጥፍ ከሆነ አንድ ነገር አለ።

በፍጹም እርጅና ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። ቅርፊቱ እንደ ጥድ ፍሬ ተነስቶ ሆዱ ካበጠ፣ ሰውነቱ ላይ የጨው ፍሬ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ከወጣ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ከበቀለበት፣ ክንፉን ሰብስቦ ከሰውነቱ ጋር ካጣበቀ፣ ከድንጋይ ጋር ራሱን ከፋቀ፣ ዓይኑ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ኩሱ ነጭ ክር ሆኖ ከተንጠለጠለ። ዓይን ላይ ሞራ ግን በእርጅናም ይመጣል፣ ሁለቱም ዓይን በቀስታ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ነው፣ ውሃው ንጹህ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ማለት ነው።

አስቸጋሪው መጉበጥና መክሳት ነው። ሁለቱም በእርጅና ይመጣሉ፣ ግን የዓሣ ቲቢ የሚባለውም እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ በወራት እየከሳ፣ ጀርባው እየጎበጠ፣ አንዳንዴ ቁስል እያወጣ። እዚህ ጋ ከጊዜው ብቻ አይለይም። አንድ በአንድ ሌሎቹም፣ ወጣቶቹም ጭምር፣ እየከሱ ከሄዱ እሱን ጠርጥሩ። ይሄ ባክቴሪያ በተቆረጠ ቆዳ በኩል ወደ ሰው እጅ ይገባል፣ ለሳምንታት የማይድን እብጠትና ቁስል ያመጣል፣ ለመዳንም ወራት መድኃኒት ይጠይቃል። የኔ ጣት በመርፌ የተወጋ ነው ሁሌ፣ ዱሮ በባዶ እጄ እስከ ክርኔ ነበር የምገባው፣ አሁን ረጅም የላስቲክ ጓንት ሳላደርግ አልነካም። እጃችሁ ላይ የማይድን ነገር ከወጣ ለሐኪሙ ዓሣ አሳድጋለሁ ብላችሁ ንገሩት፣ ካልተናገራችሁ በምን ያውቃል። ውሃውን ስትቀይሩም ቱቦውን በአፋችሁ አትሳቡት፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል።

ደግሞ አርጅቷል ማለት አልታመመም ማለት አይደለም። ሲያረጅ መከላከያው ይደክማል፣ ወጣቱን የማይነካ ትንሽ ነገር እሱን ይጥለዋል፣ ስለዚ ላረጀ ዓሣ የውሃ ነገር ከድሮው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሰማይ እርጅና መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ያደረኩለት ቀላል ነው። ውሃውን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረኩት ለመተንፈስ ብዙ እንዳይወጣ፣ ከውሃው ላይ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ሰፊ ቅጠል አስቀመጥኩለት የሚጋደምበት፣ የፊልተሩን ግፊት በስፖንጅ ሸፍኜ አለዘብኩት። ምግቡን ደቆስ አድርጌ በውሃ አርሼ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ በሻይ ማንኪያ እሰጠዋለሁ፣ ከሳምንት በኋላ ማንኪያውን ሲያይ ራሱ መጣ። ሂተሩን ወደ 26 መለስኩት፣ ሙቀት ሲበዛ ሰውነቱ ቶሎ ይሠራል ቶሎ ያልቃል። የደሴን ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ በጥርና በታኅሣሥ መብራት ሲሄድ አኳሪየሙን በጋቢ ጠቅልዬ ላዩን ብቻ ትንሽ ክፍት እተዋለሁ፣ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ድንገት ከሚወርድ ይሻላል። መብራቱ ሳይመጣ ከቆየም በኩባያ እየቀዳሁ ከከፍታ መልሼ አፈስበታለሁ አየር እንዲገባ፣ ምግብ ግን አልሰጥም።

እንዲህ ሆኖ አምስት ወር ኖረ። መጨረሻ ላይ ምግብ ተወ፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ በሦስተኛው ጠዋት ቅጠሉ ላይ እንደተጋደመ አገኘሁት። ባይሆን ኖሮ፣ ማለት በጎኑ ተገልብጦ እየተንፈራገጠ ቀናት ቢቆይ፣ የቅርንፉድ ዘይት አዘጋጅቼ ነበር። በትንሽ ሙቅ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ በደንብ ተንጦ፣ ዓሣው ባለበት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ቀስ እየተባለ ሲጨመር መጀመሪያ ያስተኛዋል፣ ከዛ ብዙ ሲጨመር በእንቅልፉ ያልፋል፣ መተንፈሻው ከቆመ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መተው ነው። ፍሪዘር ውስጥ መክተት ወይ በሕይወቱ ሽንት ቤት መጣል ግን እባካችሁ አታድርጉ፣ ይሰቃያል።

እናቴ ጓሮ ጽጌረዳዋ ሥር ቀበረችው። አኳሪየሙን አላፈረስኩትም፣ ፊልተሩ እየሠራ ነው፣ አዲስ ዓሣ ሳመጣ ግን ለብቻው በሌላ ዕቃ አራት ሳምንት ሳላቆይ አላስገባም።

ወርቄ ሱቅ ውስጥ አለች። ባለፈው እሁድ ደብተሩ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፣ በግራ ጎኗ ከክንፏ በላይ ትንሽ ነጭ እየሆነ ነው፣ ካለፈው ወር ፎቶ አልሰፋም፣ ትበላለች፣ አተነፋፈሷ እንደ ዱሮው፣ ናይትራይት 0። ቅዳሜ ጀሪካኑን ሞልቼ አሳድራለሁ።